ቁስለኛ አይጫንም

ሃምሳ አለቃው የመድኃኒት ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሦስተኛው ሄሊኮፕተር ሲሮጥ፣ ከመምሪያው የመጣ አንድ ወጣት መኮንን ወረቀት እያውለበለበ ከፊቱ ተገተረበት። ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የአምስቱም ሄሊኮፕተሮች ክንፍ መዞር ጀምሮ ሜዳውን አቧራና የነዳጅ ሽታ አፍኖታል። መኮንኑ አፉን ከሃምሳ አለቃው ጆሮ አስጠግቶ ጮኸ።

"ሕክምናዎች ስንት ናችሁ?"

"አራት ሰው ከአራት ሣጥን ጋር፣ ጌታዬ።"

"ሁለት ሰው ይውረድ። ሣጥኖቹም ይውረዱ።"

ሃምሳ አለቃው ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ያልተባለውን የሰማ መሰለው። መኮንኑ ወደጠቆመበት ሲያይ ግን ነገሩ ገባው። አንድ ፊልም አንሺ ከነረዳቱ፣ ከኋላቸውም አራት ወታደሮች ትልቅ ድምፅ ማጉያና ሁለት የመኪና ባትሪ ተሸክመው እያለከለኩ ይመጣሉ።

"ድምፅ ማጉያው ጠላት እጅ እንዲሰጥ ይለፈፍበታል፤ ፊልሙ ደግሞ ለበላይ አካል ይፈለጋል" አለ መኮንኑ። "ሣጥኖቻችሁ በሁለተኛው ዙር ይደርሷችኋል።"

"ጌታዬ፣ ድምፅ ማጉያ ደም አያቆምም።"

"አንተም ትእዛዝ አታቆምም። አውርድ።"

ከአራቱ አንዱ የሆነው ሐኪም ራሱ ከሄሊኮፕተሩ ወርዶ ተከራከረ። እጁን እያወናጨፈ ወረቀቱን እስከመንጠቅ ደረሰ፤ የሰማው ግን የለም፤ እሱ ሲከራከር ፊልም አንሺው ቦታውን ያዘው። ሰዓቱ ሲደርስ የአንገቱን ቦርሳ አውልቆ በሃምሳ አለቃው አንገት ላይ አጠለቀለትና "እስክመጣ ያዝልኝ" ብሎት ዞረ። እንዲህ ሆነና ሁለት መቶ ሰው ለሚዋጋበት ቀን፣ ከሁለት የትከሻ ቦርሳ ጋር ሁለት የሕክምና ሰው ተጫነ፤ ሃምሳ አለቃውና ነርሷ ሲስተር።

ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ከአምባው አናት ላይ የተተከሉ ስድስት መድፎች ወደ ከተማዋ የሚወስደውን ብቸኛ መንገድ ለአራት ወር ዘግተውት፣ ከተማዋ ጨው እንኳ አጥታለች። ወደ አምባው የሚያወጣው የእግር መንገድ ሰው በሰው ጀርባ የሚወጣበት ገደል ስለሆነ፣ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ከሽፏል። አሁን የታሰበው ከሰማይ መውረድ ነው። አምስት ሄሊኮፕተር በአራት ዙር። እቅዱን የነደፉት መኮንኖች የጥይቱን ብዛት፣ የነዳጁን ሊትር፣ የእያንዳንዱን ወታደር ክብደት ሳይቀር አስልተዋል። ስለ ቁስለኛ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ከአራተኛው ዙር በፊት ቁስለኛ አይጫንም።"

ትእዛዙ ከሜዳ የተለቀመ አልነበረም። ባለፈው ዓመት በሌላ ግንባር አንዲት ሄሊኮፕተር ቁስለኛ እስኪጫንባት መሬት ላይ ስትጠብቅ በሞርታር ተመትታ ከነሰዎቿ ነድዳለች። ሃምሳ አለቃው ይህን ያውቃል። ከሬሳዎቹ ሁለቱን በብርድ ልብስ የጠቀለለው እሱ ነው።

የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት በድሬሰርነት አገልግሏል። ወታደሮቹ "ፋሻው" ይሉታል። ሲስተርን ደግሞ "ቀስ በሉ" ነው የሚሏት፤ ቃሬዛ የሚያነሳ ሰው ባየች ቁጥር ከአፏ የሚወጣው እሱ ስለሆነ። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላዋ መቀሱን የምታቀብል፣ ቃል የማይባክንባቸው ሰዎች ናቸው።

መቀመጫ ስላልተረፈ ሃምሳ አለቃው ድምፅ ማጉያው ላይ ተቀመጠ። ሄሊኮፕተሩ አፍንጫውን ደፍቶ ሲነሳ፣ በአብራሪዎቹ ክፍል ክፍተት በኩል የዋናውን አብራሪ ማጅራት አየና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ማጅራቱን ያውቀዋል። የእህቱ ባል ነው።

ሻምበሉ እህቱን ባገባ ሰሞን "ጋሼ" እያለ ከመቀመጫው የሚነሳለት፣ ምክር የሚጠይቀው ጨዋ ልጅ ነበር። ማዕረጉ ከፍ ካለ በኋላ ግን አንድ እሑድ መኮንኖች ጋብዞ ሳለ ሃምሳ አለቃው ሳይጠራ ደረሰ። ከእንግዶቹ አንዱ "እኚህ ማን ናቸው?" ሲል ሻምበሉ "ሆስፒታል የሚሠራ ዘመዳችን ነው" አለ። የሚስቴ ወንድም አላለም። ሃምሳ አለቃው የያዘውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆድና ጀርባ ናቸው። እህቱ በመካከል ሆና ስታስታርቅም ስታለቅስም ሰለቻት።

አምባው ላይ ሲደርሱ የሄሊኮፕተሩ ጎማ መሬት ሳይነካ "ዝለሉ" ተባለ። ከሁሉ ቀድሞ የዘለለው አንድ አሥር አለቃ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። የዕለቱ የመጀመሪያ ቁስለኛ እሱ ሆነ፤ ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ። ሃምሳ አለቃውና ሲስተር እሱን እየጎተቱ አንድ የፈረሰ የከብት በረት አገኙ፤ እስከ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለው። "ሆስፒታላችን ይሄ ነው" አለች ሲስተር ቦርሳዋን እያወረደች።

ተኩሱ የተከፈተው ያኔ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካቡ ሥር አምስት ሰው ተኛ። አንዱ ሆዱን፣ አንዱ ደረቱን፣ አንዱ መንጋጋውን የተመታ ነበር። አምስተኛው በሁለት ሰው ተጎትቶ የመጣ ግዙፍ የሞርታር ተኳሽ ነው፤ ወታደሩ "በርሜል" ይለዋል። የሞርታሩን መቀመጫ ብረት ብቻውን ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው ነው ይባልለታል። ጭኑን ተመትቶ ደሙ እየተንፎለፎለ ነበር። ሃምሳ አለቃው ደም የሚያቆመውን የጎማ ማሰሪያ ከቁስሉ በላይ አጥብቆ አሰረለት።

"ፋሻው፣ ለኔ አንድ ጥቅል አይበቃኝም፤ ከወዲሁ ንገራቸው" አለ በርሜል ጥርሱን ነክሶ።

"የሚነገረው የለም። ያለኝ ይሄው ነው።"

እውነቱን ነው። በሁለቱ ቦርሳ ውስጥ ፋሻ፣ ጥቂት ሞርፊን፣ መቀስና መቆንጠጫ፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንድ ጠርሙስ የጨው ውሃ አለ። ለደረቱ ቁስለኛ የተሰቀለው እሱ ነው። ሌሎቹ ሃያ አራት ጠርሙሶች ታች ሜዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ሃምሳ አለቃው ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ሄሊኮፕተር ወደ ሌላው ሮጠ። የሚወርደው ሁሉ የሞርታር ቦምብ ነው።

"ሣጥኔስ?" አለ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ በሩ ላይ የቆመውን ቴክኒሺያን።

"የምን ሣጥን?"

"የመድኃኒት!"

"እኔ ያየሁት ጥይት ነው፣ ወንድሜ። እጅህን አንሳ፣ ባዶ ሣጥን ልጫንበት።"

ባዶዎቹ የእንጨት ሣጥኖች መመለስ ነበረባቸው፤ ታች ያለው ቦምብ የሚታሸገው በእነሱ ነውና። እነሱን ካልመለሱ የሚቀጥለው ዙር የሚጭነው አይኖረውም። ሃምሳ አለቃው ይሄም ይገባዋል። ቢገባውም ወደ አብራሪው መስኮት ዞረና መስታወቱን በመዳፉ መታው። ሻምበሉ ከፈተለት። ለሁለት ዓመት ያላወሩ ሰዎች ፊት ለፊት ተያዩ።

"ሻምበል፣ አምስት ቁስለኛ አለኝ። ሁለቱ እስከ እኩለ ቀን አይቆዩልኝም።"

"በአራተኛው ዙር ይወሰዳሉ።"

"ለባዶ ሣጥን ቦታ አለዎት፣ ለሰው የለዎትም?"

"ሃምሳ አለቃ፣ ትእዛዙን እንደኔ ታውቀዋለህ። ሣጥን ለመጫን ሃያ ሴኮንድ ይበቃኛል። ቁስለኛ ስንት ደቂቃ ያቆመኛል? ዞር በል፣ ክንፉ ይመታሃል።"

መስኮቱ ተዘጋ። ሃምሳ አለቃው አቧራውን እየዋጠ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ አዛዡ ሄደ። ጥቃቱን የሚመሩት ሻለቃ ከአንድ ቋጥኝ ሥር በሆዳቸው ተኝተው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ራዲዮኛው መነጋገሪያውን ለሃምሳ አለቃው እንዲያቀብለው በእጃቸው ምልክት አሳዩ።

"የቁስለኛ ብዛት ስንት ነው?" አለ ከታች ያለው ድምፅ።

"ስምንት ደርሰዋል። ሐኪም እፈልጋለሁ፣ ሣጥኖቼን እፈልጋለሁ።"

"ሣጥኖቹ በሁለተኛው ዙር ተጭነዋል።"

"አልደረሱም።"

"ተጭነዋል ይላል ወረቀቱ።"

"እኔ ነኝ ያለሁት እዚህ፣ ወረቀቱ አይደለም!"

"ይጣራል። ጠብቁ።"

ሃምሳ አለቃው መነጋገሪያውን ከድንጋዩ ጋር ሊያጋጨው ቃጥቶት ነበር። ራዲዮኛው ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደበት። ሻለቃው ዞር ብለው አዩት።

"ትእዛዙን ልሽር አልችልም፣ ልጄ" አሉ። "ግን ሄሊኮፕተር ላይ ማን ምን እንደሚጭን ቆሜ የምቆጣጠርበት ጊዜም የለኝም።" መልሰው መነጽራቸውን ወደ መድፎቹ አዞሩ።

ሃምሳ አለቃው እየሮጠ በረቱ ደረሰና ለሲስተር ነገራት። ቁስለኞቹን ከሦስተኛው ዙር በፊት ወስደው ማረፊያው ጥግ፣ በባዶ ሣጥኖቹ መካከል ሊያስተኟቸውና ሸራ ሊያለብሷቸው ነው ሐሳቡ። ሃያ ሴኮንድ እንዲበቃ።

"የትኛው አብራሪ ነው እሺ የሚልህ?" አለች።

"የእህቴ ባል።"

"አሁን ዞር በል ያለህ?"

"የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ ሲስተር። የሌሎቹን ስም እንኳ አላውቅም።"

ሲስተር የሞርታር ጥይት የሚያመላልሱ አራት ወታደሮች ለምና፣ ቃሬዛ ስለሌለ በብርድ ልብስ አንድ በአንድ አጋዟቸው። "ቀስ በሉ፣ ቀስ" ትላለች፤ እነሱ ግን ጥይት እያፏጨባቸው ስለሆነ ቀስ የሚሉበት ልብ አልነበራቸውም። በርሜልን ለመሸከም ስድስት ሰው ፈጀ።

ሦስተኛው ዙር ከገደሉ ጫፍ ብቅ አለ። ሻምበሉ ሲያርፍ ቴክኒሺያኑ ዘሎ ወርዶ ሣጥን ሊያነሳ ሸራውን ገለጠ። ሣጥን ሳይሆን ፊት ነው ያየው፤ መንጋጋው የታሰረ ሰው ዓይኑን አፍጥጦበታል። ቴክኒሺያኑ ወደ አብራሪው ዞረ። ሃምሳ አለቃው ቀድሞት መስኮቱ ላይ ደርሷል።

በዚህ ጊዜ አልጮኸም። ሁለት እጁን ጠርዙ ላይ አኑሮ ቆመ። መሬቱ በሞርታር ሲነቀነቅ ድንጋይ ተፈናጥሮ የሄሊኮፕተሩን ሆድ መታ።

"ስንት ናቸው?" አለ ሻምበሉ።

"ስምንት።"

ሻምበሉ የነዳጅ መቁጠሪያውን አየ፤ ገደሉን አየ። "አምስት። በዚህ ከፍታ ከዚያ በላይ አታነሳልኝም፤ ከገደሉ ጋር ነው የምጋጨው። ቶሎ።"

ስምንቱን በቅደም ተከተል ያስቀመጣቸው ሃምሳ አለቃው ራሱ ስለሆነ ማሰብ አልነበረበትም። ሆዱን የተመታው፣ ደረቱን የተመታው፣ መንጋጋው፣ ሁለት ጭንቅላታቸውን የተመቱ። የቀሩት ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረው አሥር አለቃ፣ እጁ የቆሰለ አንድ መቶ አለቃና በርሜል ናቸው።

"በርሜልን ጨምረው" አለች ሲስተር። ክንዱን ይዛዋለች። "ጭኑን አላመንኩትም።"

"ጎማው ይዞታል። የሱ ክብደት የሁለት ሰው ነው፤ እሱን ካልኩ ሁለት ላወርድ ነው። ማንን ላውርድ?"

በርሜል ሰምቷቸው ኖሮ በክርኑ ቀና አለ።

"እኔንማ ከጫናችሁ ሣጥን ሳይሆን መድፍ ነው የምትጭኑት" አለ። "ሂዱ በሏቸው። በሚቀጥለው ለብቻዬ እሄዳለሁ፣ እንደ ጄኔራል።"

አምስተኛው ሲገባ የሻምበሉ ራዲዮ ጮኸ። ምን ነው እንዲህ የቆየኸው፣ ምን ጭነሃል የሚሉ ይመስላል። ሻምበሉ በሕይወቱ ሰዓት እንኳ የማያዛንፍ፣ ወረቀት ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚፈጽም ሰው ነው። ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

"ባዶ ሣጥን ጭኛለሁ። ተነስቻለሁ" አለ በራዲዮው። ከዚያ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ወደ ሃምሳ አለቃው ጎንበስ አለ። "ሦስቱን በአራተኛው ዙር ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ ጋሼ። ቃሌ ነው።"

ሃምሳ አለቃው በመዳፉ የሄሊኮፕተሩን ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ራቀ፤ የቀሩትን ሦስቱን ከወታደሮቹ ጋር ወደ በረቱ መለሳቸው።

አምስት ሰዓት ላይ መድፎቹ ተያዙ። አምባው በሆታ ተናወጠ። ድምፅ ማጉያው፣ አንዱ ባትሪ ሲወርድ ተገልብጦ አሲዱ ስለፈሰሰ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዋለ። ፊልም አንሺው ግን ሥራውን ሠራ። መድፎቹን አነሳ፣ ሻለቃውን አነሳ፣ በመጨረሻ ወደ በረቱ መጥቶ ቁስለኞቹ እጃቸውን እንዲያወዛውዙለት ለመነ። መቶ አለቃው ፊቱን አዞረ። በርሜል አወዛወዘለት።

ሃምሳ አለቃው አራተኛውን ዙር ይጠብቃል። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፤ የሞተር ድምፅ ግን የለም። ሰባት ሰዓት ላይ መታገስ አቃተውና ወደ ራዲዮኛው ሄደ።

"አራተኛው ዙር መቼ ነው?"

ራዲዮኛው ጠየቀ። ያዳመጠውን ለመናገር የፈራ ይመስል ዓይኑን ሰበረ።

"ግቡ ስለተመታ አራተኛው ዙር ተሰርዟል ይላሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ።"

"ቁስለኛውስ?"

"ጠይቄያቸዋለሁ። ቁስለኛ የሚጫነው ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ነው፣ አራተኛው ዙር ደግሞ የለም፤ ስለዚህ ለነገ ጠዋት ሌላ ትእዛዝ ይወጣል ነው የሚሉት።"

ሻለቃው ራሳቸው መነጋገሪያውን ነጥቀው ጮሁ፣ ተሳደቡ፣ ማዕረጋቸውን ጠሩ። ከታች የመጣው መልስ ያው ነበር። ሃምሳ አለቃው መሳቅም ማልቀስም አማረው፤ አንዱም አልወጣለትም። በረቱ ድረስ ያለችውን ሁለት መቶ እርምጃ ተራምዶ ተመለሰ።

ጎማው ታስሮ ብዙ ሰዓት ስለቆየ የበርሜል እግር እየጠቆረ ነበር። ቢተወው እግሩ ይሞታል፤ ቢፈታው ደሙ ይፈሳል። ሲስተር ቁስሉን በጣቶቿ ተጭናለት ሃምሳ አለቃው ጎማውን ቀስ ብሎ አላላው። ደሙ ተንፎለፎለ። የተቆረጠውን የደም ሥር ፈልጎ በመቆንጠጫ ያዘው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ እጅ አልሳተም። እስኪይዘው የፈሰሰውን የሚተካ ግን የለም። አንድ ጠርሙስ የጨው ውሃ፣ ቢበዛ ሁለት ያድነው ነበር። ከአምባው ግርጌ ሃያ አራት አለው።

"ለፋሻው ውሃ አምጡለት፣ ላብ በላብ ሆነ" አለ በርሜል። ከንፈሩ ነጥቷል።

"አንተ ዝም በል። ጉልበትህን ቆጥብ።"

"ያ ፊልም መቼ ነው የሚታየው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ወር፣ ሁለት ወር።"

"እናቴ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም። ትግባ በላት፣ እጄን አወዛውዣለሁ።"

ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተ። ሲስተር ዓይኑን ከደነችለትና ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሩ ሳበችው። ሃምሳ አለቃው "ጎማው ይዞታል ብዬ" ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም። ሲስተር አጠገቡ ተቀመጠች። ነግሬህ ነበር ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። እሱ ግን ብትለው ይሻለው ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ሄሊኮፕተር መጣች። ሐኪሙ ከአራቱ ሣጥን ጋር ወረደ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። አብራሪው ሃምሳ አለቃው ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ለጋ መቶ አለቃ ነው። መስኮቱን ከፍቶ በእጁ ጠራው።

"ፋሻው የሚሉህ አንተ ነህ? ሻምበል ከበረራ ታግዷል፤ በውሸት ሪፖርት ነው አሉ። መልእክት ልኮልሃል። ካመጣኋቸው አራቱ ተርፈዋል በልልኝ ብሏል።"

"አምስተኛውስ? ማንኛው ነው?"

"አልነገረኝም።"

ሃምሳ አለቃው አምስቱን ፊት አንድ በአንድ አሰባቸው። የሞተው ማን እንደሆነ፣ በእሱ ቦታ በርሜል ሊሄድ ይችል እንደነበር ለማወቅ ከአምባው እስኪወርድ ሌላ አሥር ቀን መቆየት ነበረበት። የአብራሪው እጅ መሪው ላይ ነው፤ ሞተሩ አልጠፋም።

"ከዛሬ ጀምሮ ቁስለኛ ጭናችሁ ተመለሱ ተብለናል" አለ አብራሪው። "ስንት አለህ?"

"ሁለት" አለ ሃምሳ አለቃው። "ትናንት ብትጠይቁኝ ሦስት ነበሩ።"